ነጩ ግድግዳ ላይ ያለው ጥቁር ነገር

እታለምን ጨርቅ ሳትይዝ ያያት ሰው የለም። ጠዋት ስትነሳ ጨርቅ፣ እንግዳ ስትቀበል ጨርቅ፣ ሌላው ቀርቶ ስልክ ስታነሳ እንኳ በግራ እጇ ስልኩን፣ በቀኝ እጇ ጨርቁን። «ግቡ፣ ግቡ» እያለች እንግዳውን በኮሪደሩ ስትመራው፣ እጇ ግድግዳው ወገብ ላይ ያለውን የእንጨት ጠርዝ እየጠረገ አብሯት ይሄዳል። የመጣ የሄደው ሁሉ «አቤት ንጽሕና! እንዲህ ያለች የቤት ሠራተኛ ከየት ይገኛል?» እያለ ይቀናል። ይቅና። ጨርቁ ሰበብ እንደሆነና እጇ መንገድ እየዳበሰ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም የእህቷ ልጅ ናት።

ዓይኗ ሄዶ ነበር፣ እናንተዬ። በአንድ ቀን አልሄደም፤ በሽታው እንደ ሌባ ከዳር ከዳር እየለቀመ ነው የጨረሰው። መጀመሪያ በጎን የሚመጣ ሰው አልታይ አላት፤ ከዚያ የመርፌ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሩዝ ውስጥ ያለ ጠጠር፣ በመጨረሻ የሰው ፊት። የእህቷ ልጅ ፀጉር ሠሪ ናት። አንድ ቀን አክስቷን መስታወት ፊት አስቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር በመስታወቱ ብትስቅላት፣ ብትጠቅሳት፣ ምላሷን ብታወጣባት፣ ወይ ፍንክች! በማግስቱ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ መብራቱን አብርቶ አጥፍቶ፣ «እማማ፣ የዓይን ግፊት ነው። ምነው እስካሁን ቆዩ? የቀረችውን በጠብታ እናቆያት ይሆናል እንጂ የሄደው አይመለስም» አላት። የቀረችው ምን ነበረች? ጨለም ያለውን ነጣ ካለው መለየት፣ በቃ። ከዚያ ሲወጡ የእህቷን ልጅ ክንድ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ «ይኼ ነገር ካንቺ አፍ ወጥቶ ማሙሽ ጆሮ ቢደርስ፣ አክስት አለችኝ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!» አለቻት።

ማሙሽ ሲባል ሕፃን እንዳይመስላችሁ። የቤቱ ጌታ ነው፤ ሽበት የወረረው፣ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ሰው ከወንበሩ ብድግ የሚልለት ሰውዬ። «ሚስት ሳያገባ ሽበት አገባ» እያለች ትተርበዋለች እታለም። እሷ በዚያ ቤት የተቀጠረችው እሱ በተወለደ ሰሞን ነው። እናቱ ገና ድክ ድክ ሲል አረፈች፤ አባቱም ሥራ ሥራ ሲል ኖሮ ተከተላት። ልጁን ያዘለችው እሷ፣ ኩፍኝ ሲይዘው አጠገቡ ያደረችው እሷ፣ ትምህርት ቤት ተደባድቦ ሲመጣ መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ እንባውን የያዘችው እሷ። እታለም የሚለውን ስም ያወጣላት ደግሞ እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእናት በአባቷ ስም የጠራት ሰው የለም።

ታዲያ ከእሱ ምን አስደበቃት? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሳደገችው እንጂ አልወለደችውም። ደሞዝ ትቀበላለች። የማሙሽ አያት በሕይወት ሳሉ አንድ አትክልተኛ ነበረ፤ ዓይኑ ሲደክም አያትየው አንድ ብርድ ልብስና ብዙ ምርቃት ሰጥተው ወደ ዘመዶቹ ሸኙት። ክፉ ሆነው አልነበረም፤ እንዲያውም እያለቀሱ ነው የሸኙት። እታለም ያን ለቅሶ አልረሳችውም። በሰው ቤት የማይሠራ ሰው ምን ይባላል? እንግዳ እንዳይሉት አይሄድም፣ ቤተሰብ እንዳይሉት ደም የለው። ጥግ ተቀምጦ በርኅራኄ መጉረስ ደግሞ ለእሷ ከሞት አያንስም። ከፈጣሪ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያው ቤት፣ እዚያው ልጅ አጠገብ፣ ሻዩን እያቀረበች መሞት። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ቤቱም ያግዛታል። የአያትየው ቤት ነው፤ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ፣ ግንቡ ወፍራም፣ እንጨቱ ሁሉ በአበባና በሐረግ የተቀረጸ። ኮሪደሩን በጠርዙ ትሄደዋለች፣ ሳሎኑን በምንጣፉ ዳር። ደረጃው አጠገብ ያለው ጣውላ ሲረገጥ ስለሚያቃስት «ደርሰሻል» ይላታል። የማድ ቤቱ በር እጀታ ነሐስ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ የመኝታ ቤቱ እንጨት ነው። ሳሎኑ በር ጎን ያለው ጥቁር ቡፌ ከግድግዳው ነጥሮ ስለሚታያት ትሪዋን ቀልጠፍ አድርጋ ታሳርፍበታለች። ማሙሽ ፊቷ ተቀምጦ ቁርሱን እየበላ ዓመታት አለፉ፤ አልነቃም። ወንድ ልጅ ካልሲው ካልጠፋበት ምን ያያል?

እሷም ዘዴ ነበራት። ሁሉን ያመሰገነ ሰው ያስጠረጥራል ብላ፣ ባላየችው ነገር ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ነቀፋ ጣል ታደርጋለች። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ «እንዴት ነው?» ሲላት ጨርቁን በሁለት ጣቷ ትነካና «ያምርብሃል፤ ኮሌታውን ግን አልወደድኩትም» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ደግሞ ምንም ነገር አያመልጥሽም» ብሎ እየሳቀ ይወጣል።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ፣ «እታለም፣ ቤቱን ላሳድሰው ነው። ቅር ይልሻል?» አላት። ማደስ ማለት ጣሪያ መድፈንና ቀለም መቀባት መሰላት። «ይታደስ እንጂ! የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ መደርደር ሰልችቶኛል።»

«ዕቃውስ? ይኼ ሁሉ ቡፌ፣ ይኼ ሁሉ የተቀረጸ እንጨት?»

እንደ ልማዷ አማረረች። የቆየ ቀልዳቸው ነው። «አያትህ የአቧራ ወዳጅ ነበሩ። በየእንጨቱ አበባ ውስጥ ጣቴን ስከት ነው ያረጀሁት። ብትፈልግ ማገዶ አርገው!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እሷ ስቃ ረሳችው፤ እሱ ልቡ ውስጥ አስገባው። እታለም አርጅታለች፣ ጉልበቷ ዝሏል፣ አቧራ የማይዝ ቤት ልሥራላት አለ። የቀጠራትን አርክቴክት «የሚጠረግ ነገር እንዳይኖርበት» ብሎ ያዘዘው ስለ እሷ ነው። በፍቅር ነው ያፈረሰባት፣ እናንተዬ። ጠላትስ ቢሆን ሰው ይሸሸው ነበር።

ሥራው እስኪያልቅ አፓርታማ ተከራዩ። ጠባብ ናት፤ እታለም ክንዷን ዘርግታ ብትዞር የማትነካው ነገር አልነበረም፣ እዚያም አልተነቃባትም። አርክቴክቷ የቀለም ናሙና ይዛ መጣች፤ ሁሉም ነጭ ነው አሉ። «እታለም ትምረጥ» አለ ማሙሽ። እታለም ካርዶቹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ «ይኼኛው ይቀዘቅዛል። ይኼ ይሻላል» ብላ አንዱን ብድግ አደረገች። «አይገርምም? እኔም ያሰብኩት እሱን ነው!» አለች አርክቴክቷ። እታለም ያን ቀን ለብቻዋ ማድ ቤት ገብታ እስኪያማት ሳቀች። ሥራው ያልቅና ቤቴ ልመለስ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው ትል ነበር።

ተመለሰች። ውጪው ቅርስ ስለሆነ ጠጠር አልተነካም። በሩን አልፋ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ጠርዙ ሰደደች። ጠርዝ የለም። እጇ በልሙጡ ግድግዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ። እግሯን አንፏቀቀች፤ ጣውላ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ተወልውሏል፣ አንድም ድምፅ አይሰጥ። ወለሉ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፤ ያቺ የቀረቻት ጥላን የመለየት ዓይን እንኳ የምትይዘው አጣች።

«እጀታ የሚባል ነገር የለም» ትላለች አርክቴክቷ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ «ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ጫን ሲያደርጉት ይከፈታል። ቦታው ይተንፍስ፣ ዓይን ይረፍ ብለን ነው።»

የእታለም ዓይን እንኳ ካረፈ ቆይቷል። ባዶው መሐል ጨርቋን ይዛ ቆመች። «እንዴት ነው፣ እታለም?» አላት ማሙሽ፤ ድምፁ ፈተና እንዳለፈ ልጅ ይንቀጠቀጣል። ምን ትበለው? «ዓይኔን ግንባር ያርገው እንዲህ ያለ ቤት አይቼ እንደሆነ!» አለችው። ይኼን እንኳ አልዋሸችም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ አትጠይቁኝ። እሱ ሥራ ሲወጣ ጠብቃ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ቤቱን ልታጠናው ትሞክራለች። እሱን ድክ ድክ ያስተማረችበት ቤት ውስጥ! ምልክት እንዲሆናት ወንበር ጎትታ ኮሪደሩ አፍ ላይ ታስቀምጣለች፤ እሱ ሲመጣ «ኧረ አትድከሚ እታለም» ብሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በማግስቱ እንደገና ትጎትታለች። ክርኗና ቅልጥሟ በልዞ በልዞ፣ እሱ እንዳያይባት እጅጌውም ቁመቱም የረዘመ ቀሚስ ትለብሳለች። እሱ ደግሞ በየቀኑ አንድ ጥያቄ አለው። «ሳሎኑን አየሽው? ትልቁን ግድግዳ አየሽው?» ይላታል። «አየሁት፣ አየሁት» ትለውና ወጥ ልታማስል ትሄዳለች። ሌላ ነገር ትለኛለች ብሎ ቆም ይላል። ከዚያ ወደ ክፍሉ ይገባል።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሙሽ ቤት እያለ፣ አርክቴክቷ ሁለት ባልደረቦቿን አስከትላ ቤቱን ልታሳይ መጣች። እታለም ሻይ አፍልታ፣ ብርጭቆውን ደርድራ፣ ግድግዳውን በክርኗ እየታከከች ሳሎኑ በር ደረሰች። እዚህ ላይ ደርሳ የምታስበው ነገር አልነበረም፤ ዕድሜ ልኳን ስታደርገው እንደኖረችው ወደ ጎን ዞር ብላ ትሪውን ቡፌው ላይ አሳረፈች።

ቡፌ የታለ? ትሪው ከነብርጭቆው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ቤቱ ባዶ ነውና ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አልበርድ አለ። «አዳልጦኝ ነው! ይኼ ወለል ሰው ይጥላል!» ብላ ጮኸች እታለም። እንግዶቹ ደንግጠው «እንኳን አንቺን አልጎዳሽ» እያሉ ቶሎ ተሰናብተው ሄዱ። ማሙሽ ስብርባሪውን ራሱ ለቀመ። ከዚያ ወንበር አቅርቦ አስቀመጣትና ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቤቱን አልወደድሽውም።»

«ኧረ ወድጄዋለሁ!»

«ታዲያ ስለ ትልቁ ግድግዳ አንዲት ቃል ለምን አልተነፈስሽም?»

ነቃብኝ አለች በልቧ። ወደ ግድግዳው ፊቷን አዞረች። በዚያ ሁሉ ነጭ መሐል አንድ ትልቅ ጠቆር ያለ ነገር ይታያታል። ቴሌቪዥን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል፤ ዘንድሮ ሰው ሁሉ በር የሚያክል ቴሌቪዥን ነው የሚሰቅለው። እንዳየች እንዲያምን ነቀፋዋን መዘዘች።

«እውነቱን ልንገርህ? ሁሉም መልካም ነው። እዚያ የሰቀልከው ጥቁር ነገር ግን ቤቱን አበላሸው። ዓይን ይወጋል። ብታወርደው ደስ ይለኛል።»

«እሺ» አለ ማሙሽ፤ ተነስቶ ሄደ። እታለም «ተመስገን፣ አመለጥኩ» ብላ ተነፈሰች።

በማግስቱ የእህቷ ልጅ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ልትጠይቃት መጣች። ማሙሽ ሥራ ሄዷል። ልጅቱ ገና ከመግባቷ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ውይ አክስቴ! ይኼን የመሰለ ነገር መሬት ላይ ምን አስቀመጠው?»

«የቱን?»

«ፎቶውን ነዋ! አንቺን!»

«የምን ፎቶ?»

«ቁመትሽን ያክላል እኮ። ጥቁርና ነጭ ነው። ወጣት ነሽ፣ ሕፃን አዝለሽ። እጅጌሽን ጠቅልለሽ፣ ትስቂያለሽ። ጌታው አተልቀው አሳትመውት መሆን አለበት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ መስቀያው ብቻውን ቀርቷል።»

እታለም ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች፤ የነካችው መስታወት ነው፣ ልሙጥና ቀዝቃዛ። ከዚያ ቤት የአያትየው ሥዕል ወጥቷል፤ ሰዓቱ ወጥቷል፣ ምንጣፉ ወጥቷል፣ ዘር ማንዘሩ ያጠራቀመው ሁሉ ወጥቷል። ልጁ አንድ ነገር ብቻ አስቀርቶ ሰቀለ። እሷ ደግሞ ዓይን ይወጋል፣ አውርደው አለችው።

«ምነው ምላሴን በቆረጠው!» ብላ ደረቷን መታች። «ምን አልኩት? ልጄን ምን አልኩት?»

የእህቷ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ አብራ አለቀሰች። «ንገሪው አክስቴ» አለቻት። ብትነግረው ከዚህ ቤት መውጫዋ ነው። ባትነግረው ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እንደ እናት የሚያያት ሴት ፎቶውን ተጸየፈችው ብሎ ይኖራል። ሲመዘን ሁለተኛው ከበዳት። ሌላ ምርጫ ያለው ሰው ይፍረድባት።

ማሙሽ ሲመለስ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ፎቶው አጠገብ መሬት ተቀምጣ አገኛት። የእህቷ ልጅ ማድ ቤት ገብታ ጆሮዋን ጥላለች።

«ና ተቀመጥ» አለችው። ከነሱፉ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። «ይኼን ፎቶ አላየሁትም፣ ማሙሽ። ቴሌቪዥን መስሎኝ ነው።»

«እንዴት ቴሌቪዥን ይመስልሻል?»

«ዓይኔ የለማ። ከሄደ ቆየ። አንተንም ካየሁህ ቆየሁ። እኔ የማውቀው ሽበትህ ጆሮህ አካባቢ ብቻ ሳለ ነው፤ አሁን የት እንደደረሰ አላውቅም።»

ብርጭቆው፣ ወንበሩ፣ ጨርቁ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ሲገባው ይታየኛል። ከዚያ የጠየቀውን ጉድ ስሙ። «ሸሚዙስ?» አለ። «ኮሌታውን አልወደድኩትም ያልሽኝስ?»

«ኮሌታ ሁልጊዜም አይሆንህም። አንገትህ አጭር ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ እሱ ጉልበቷ ላይ ተደፋ። «እመልሰዋለሁ» ይላል እያለቀሰ፣ «ቡፌውን፣ ጠርዙን፣ ጣውላውን፣ ሁሉን እመልሰዋለሁ።» ቡፌው ተሸጧል፣ ጣውላው ተሰነጣጥቋል። «ቤት እንደ ሹራብ ተተርትሮ ተመልሶ አይሠራም፣ ጌታዬ» አለችው ጸጉሩን እየዳበሰች።

«እንግዲያው ሰው እቀጥርልሻለሁ። እጅሽን ይዛ የምታዞርሽ።»

«ለሞግዚት ሞግዚት?» አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ብቻ እዚሁ ኑሪ፣ እታለም።»

«ምን ሆኜ?» አለችው።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ጥያቄው ግን የኖረችበት ጥያቄ ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው ያ ትልቅ ሰው ምላሱ ተሳሰረ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። ልቡ ውስጥ አለች፣ ፎቶውን ያሰቀለችው ያቺው ቃል ናት። ግን ብሏት አያውቅም፤ አፉም አልለመዳት።

«እንደ… እንደ ድሮው» አለ።

እታለም ራሷን ነቀነቀች። «እንደ ድሮውማ አልችልም።»

በሳምንቱ የእህቷ ልጅ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ ወሰደቻት። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ ሁሉም የተጨናነቀባት፤ እታለም እዚያ እንደ ልቧ ተንቀሳቀሰች። ማሙሽ ፎቶውን ወደ ቦታው መልሶ ሰቀለው። እሁድ እሁድ ጠብታዋንና ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ይነግራታል፣ ሻይ ታቀርብለታለች። በመጣ ቁጥር የሚናገረው ነገር ያለው ይመስላል። በር ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «በይ ደህና ሁኚ፣ እታለም» ብሎ ይሄዳል። እሷም እግሩ እስኪርቅ ጆሮዋን ጥላ ትቆያለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እሱ ሳይናገር እሷ ሳትሰማ፣ አንድ ቀን በእንቅልፏ ሄደች።

ቀብሯ ላይ ማሙሽ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የእህቷ ልጅ ጎረቤቶች ሽበታሙ ሰውዬ በቁመቱ ሙሉ ሲንሰቀሰቅ አይተው «ማናቸው?» ተባባሉ። «የድሮ አሠሪዋ ናቸው አሉ» አለች አንዷ። «ይገርማል! ለሠራተኛቸው እንዲህ የሚያዝኑ ደግ ሰውም አሉ ለካ።»

ሰምቷል። ሊያርማቸው ዞረ፣ አፉንም ከፈተ። ለራሷ ያላላትን ለማያውቃቸው ሴቶች ምን ብሎ ይንገር? አንዲት ደግ አሮጊት አዘነችለትና ጠጋ ብላ ክንዱን ያዘችው።

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አለችው። «ለመሆኑ ስንት ዘመን አገለገለችዎት?»

«ዕድሜዬን ሙሉ» አለ ማሙሽ።